ቀለም የተቀባ የቶርኖ ሥራችሁን ባለሙያ ሲተቸው፦ ምን ትመልሳላችሁ፣ ምን ታስተካክላላችሁ?

አንድ ሰው በእንጨት ቶርኖ፣ ማለትም እንጨቱን እያሽከረከረ በመሮ በሚያስልግ ማሽን፣ ጎድጓዳ ሳህን ያወጣል። ሆዱን ሰማያዊ፣ ከንፈሩን ጥቁር ይቀባዋል። ላዩን በላከር ያብለጨልጨዋል። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ቶርኖ ላይ የኖረ ባለሙያ ፊት ያስቀምጠዋል። ባለሙያው ዕቃውን ያነሳል፣ ይገለብጣል፣ መቀመጫውን ያያል፣ ግድግዳውን በሁለት ጣቱ ይዞ ውፍረቱን ይዳብሳል። ቀጥሎ "ቀለሙ ቅርጹን ውጦታል" ይላል።

ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ ሌላ ቀለም ፍለጋ እንሮጣለን። ሰማያዊው ካልሆነ ቀይ፣ ቀዩ ካልሆነ ወርቃማ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ስለ ቀለም የሚሰጥ ትችት አብዛኛውን ጊዜ ከቀለሙ ሥር ስላለው ነገር ነው፤ ስለ ኩርባው፣ ስለ መሮው ስለት፣ ስለ ብርጭቆ ወረቀቱ። እንጨት ባዶውን ሲሆን ዓይን ብዙ ጉድለት ያልፋል። ማቅለሚያ (ወደ እንጨቱ የሚሰርግ ፈሳሽ ቀለም) ሲነካው ግን ያው ጉድለት አፍ አውጥቶ ይናገራል። ስለዚህ ትችት ሲመጣ ቀለሙን መጨረሻ ላይ ጠርጥሩት።

ተቺው ከየትኛው ወገን ነው?

ይህን አስቀድሞ ማወቅ ብዙ ንዴት ያስቀራል። በአሜሪካ የቶርኖ ጥበብ ውስጥ ቀለም የቆየ ክርክር አለበት። እንደ ጀምስ ፕሬስቲኒና ቦብ ስቶክስዴል ያሉት ቀደምት ባለሙያዎች የሚታወቁት እንጨቱ ራሱ በሚናገርበት ንጹሕና ስስ ሥራ ነው። ኋላ ላይ ሜሪል ሴይላን ቀለምን ወደ ቶርኖ ሥራ በድፍረት አስገባች። ጃይልስ ጊልሰን መኪና የሚቀባበትን ላከር እንጨት ላይ አዋለ። ቬትናም ተወልዶ ኢሊኖይ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቢን ፎ ደግሞ ግድግዳውን እጅግ አሳስቶ፣ ወንፊት እስኪመስል ፈልፍሎ፣ ቀለምን በአየር በሚረጭ ብዕር (ኤርብራሽ) ሥዕል ይሥልበት ነበር። ቢን ፎ በ2017 አርፏል፤ ሥራውን ያየ ሰው "እንጨት አይቀባም" ለማለት ይቸገራል።

ሁለቱም ወገን ዛሬም አለ። በ1986 የተመሠረተው የአሜሪካ የእንጨት ቶርኖ ሠሪዎች ማኅበር በየዓመቱ ጉባኤ ሲያደርግ ተሳታፊው ሥራውን በአንድ አዳራሽ ይደረድራል። ከተደረደሩት መካከል የተመረጡትን ባለሙያዎች በሰው ፊት ይተቻሉ። እዚያ አንዱ የሚያደንቀውን ሌላው "እንጨቱ ምን በደለህ?" ሊለው ይችላል። የሰውዬውን ሥራ ቀደም ብላችሁ እዩ። በሕይወቱ ቀለም ነክቶ የማያውቅ ሰው ስለ ኩርባ የሚነግራችሁን እንደ ወርቅ ያዙት። ስለ ቀለም የሚለውን ግን በማንኪያ ለኩት።

ከማቅረባችሁ በፊት

ሦስት ነገር በአንድ ትንፋሽ መናገር ቻሉ፦ እንጨቱን፣ ማቅለሚያውንና የላዩን ማጠናቀቂያ። "ሜፕል ነው፤ በአልኮል የሚሟሟ ማቅለሚያ፤ ላዩ አክሪሊክ ላከር።" በቃ። "ጊዜ አጥሮኝ ነው እንጂ…" የሚለውን ዋጡት። ሰበብ የሰማ ተቺ ወይ ያዝናል ወይ ይሰለቻል፤ ሁለቱም አይጠቅሟችሁም።

ጥያቄያችሁንም አጥብቡት። "እንዴት ነው?" ላለ ሰው መልሱ "ጥሩ ነው" ነው። "ጥቁሩ ከንፈር ለዚህ ሆድ ወፍሯል ወይ?" ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ሰውዬው መነጽሩን ያደርጋል።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ዕቃው ከመቀባቱ በፊት ከጎኑ በስልክ ፎቶ አንሱት። ትችቱ ሲመጣ ባዶው ቅርጽ ራሱ ችግር እንደነበረበት ወይም እንዳልነበረበት የሚመሰክርላችሁ ይህ ፎቶ ብቻ ነው።

ሲናገር አትመልሱ፤ ጻፉ

ቃሉን እንዳለ ጻፉት። "ከንፈሩ ደክሟል" ካለ "ከንፈሩ ደክሟል" ብላችሁ ጻፉ እንጂ "ከንፈሩን አልወደደውም" አትበሉ። ልዩነቱ ቤት ስትገቡ ይገባችኋል።

ከአፉ ይልቅ እጁን ተመልከቱ። አውራ ጣቱ ውስጥ፣ ሌባ ጣቱ ውጭ ሆኖ ከአፍ ወደ ታች ሲወርድ ውፍረቱ እኩል መሆኑን እየለካ ነው። ጣቱ የሆነ ቦታ ላይ ከቆመ ችግሩ እዚያ ነው፤ ባይናገረውም። ዕቃውን ወደ መስኮት አዙሮ ካዘነበለው የብርጭቆ ወረቀት ጭረት እየፈለገ ነው። ገልብጦ መቀመጫውን ረዘም አድርጎ ካየ፣ ዕቃውን የሚይዘው የቶርኖው መንጋጋ የነከሰበት ምልክት ሳይጠፋ ቀርቷል ማለት ነው።

ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ግን ለመከራከር አይሁን። "አመሰግናለሁ። ኩርባው የቱ ጋ እንደተሰበረ በጣትዎ ያሳዩኝ?" ማለት ይበቃል። ይህ ጥያቄ ጥሩ ተቺን ከወሬኛው ይለያል። ጥሩው ጣቱን ያስቀምጣል። ወሬኛው "በአጠቃላይ ነው እንጂ…" ይላል።

ተቺው የእኛ አገር ሰው ሲሆን ችግሩ ይገለበጣል። ይሉኝታ ይይዘዋል። "አሪፍ ነው፣ በርታ፣ እግዜር ይርዳህ" ይልና ቡና ይጠጣል። ከእሱ ትችት ማውጣት የራሱ ዘዴ አለው። "ምን ጎደለው?" አትበሉት። "ጋሼ፣ ይህንኑ ዕቃ እርስዎ ቢሠሩት የቱን ይቀይሩ ነበር?" በሉት። ስለ እናንተ ሥራ ሳይሆን ስለ ራሱ ሥራ እንዲያወራ ፈቀዳችሁለት ማለት ነው። ያኔ ስሙት! ግማሽ ሰዓት ያወራል።

ትችቱን ወደ ፈተና ቀይሩት

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። እያንዳንዱ አስተያየት ቤት ሄዳችሁ በዓይን ወይም በእጅ የምታረጋግጡት ነገር መሆን አለበት። ቀለም በተቀባ ሥራ ላይ ደጋግመው የሚሰሙትን ልውሰድ።

"ቀለሙ ቅርጹን ውጦታል።" ዕቃውን ከጎኑ ፎቶ አንሱና በስልካችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ቀለሙ ሲጠፋ ቅርጹ ካማረ ጥፋቱ በእርግጥ የቀለሙ ነው። ምናልባት የሆዱና የከንፈሩ ድምቀት አንድ ዓይነት ሆኖ ተዋህደውባችሁ ይሆናል፤ ጥቁርና ነጩ ፎቶ ይህንንም ያሳያል። ቅርጹ በፎቶውም ካላማረ ግን ቀለሙን ተዉት። ዕቃውን መስኮት ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡና የጥላውን ጠርዝ ብቻ እዩ። ቀጭን ተጣጣፊ ማስመሪያ ከሆዱ ጋር አጣብቁ፤ ብርሃን የሚሾልክበት ቦታ ካለ ኩርባው እዚያ ሜዳ ሆኗል። መቀመጫውንም ለኩ። አፉ ሰፊ ለሆነ ሳህን የተለመደው መነሻ የአፉን ስፋት ሲሶ ያህል ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር አፍ ላለው 10 ገደማ። ሕግ አይደለም። ግን መቀመጫው 16 ሆኖ "ዕቃው ከብዷል" ከተባላችሁ ምክንያቱን ሩቅ አትፈልጉ።

"ቀለሙ ተዥጎርጉሯል" ወይም "ቆሽሿል።" ይህን ትችት እወደዋለሁ፤ ዕቃው ራሱ ምክንያቱን ስለሚናገር። ዕቃውን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩና ጨለማው የት እንደሆነ ልብ በሉ። ፊት ለፊት በተቃራኒ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ የእንጨቱ ጅማት በአናቱ የተቆረጠበት ቦታ ነው። ከጣውላ በወጣ ጎድጓዳ ሳህን ላይ መሮው በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ጅማቱን በተቃራኒ ይገጥመዋል። መሮው ከደነዘ ጅማቱ ይቦጨቃል፤ የተቦጨቀው ቦታ ማቅለሚያውን እንደ ስፖንጅ ይጠጣና ይጠቁራል። መፍትሔው ከቀለም ቆርቆሮው ውስጥ የለም። መሮውን ስሉና የመጨረሻውን ልጊያ ስስ አድርጉት።

ጨለማው ዕቃውን የሚዞር ቀጭን ክር ከሆነ ደግሞ የብርጭቆ ወረቀት ጭረት ነው። የብርጭቆ ወረቀቱ ቁጥር ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል፤ በ120 የቀረ ጭረት በ320 አይጠፋም። 120፣ 180፣ 240፣ 320፣ 400 እያላችሁ ሳትዘሉ ሂዱ። በየደረጃው ቶርኖውን አቁማችሁ በጅማቱ አቅጣጫ በእጅ ሳቡት። ከመቀባታችሁ በፊት ዕቃውን በአልኮል ጥረጉትና ገና እርጥብ ሳለ መብራት ስር እዩት። ተደብቆ የነበረው ሁሉ ይወጣል። እዚህም እዚያም ማቅለሚያው ያልያዘባቸው ነጫጭ ነጠብጣቦች ካሉ፣ ስንጥቅ ስትደፍኑ የተንጠባጠበ ሱፐር ግሉ ይሆናል። ሙጫ የገባበት እንጨት ቀለም አይጠጣም።

"ፕላስቲክ ይመስላል።" ይህ ቃል ያማል፤ ብዙ ጊዜ ግን ልክ ነው። ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ ወፍራም ቀለም ነው። ቅንጣት ያለው ቀለም እንጨቱ ላይ ይቀመጣል፤ ማቅለሚያ ደግሞ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ የእንጨቱም ጥለት ያልፍበታል። ሁለተኛው ከመጠን ያለፈ አብረቅራቂ ላከር ነው። እንደ ሞገደኛ ሜፕል ያለ ጥለት ያለው እንጨት ከሆነ ይህን ሞክሩ፦ መጀመሪያ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ማቅለሚያ ቀቡ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አንሱት። ጥቁሩ ከለስላሳው ቦታ ይለቅቅና በሞገዱ ውስጥ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ደማቁን ቀለም ከላይ ስጡት። እንጨቱ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ። ላዩን ደግሞ ከፊል ማት በሆነ፣ ማለትም ብዙ በማያብለጨልጭ፣ ላከር ጨርሱት።

በነገራችን ላይ በአልኮል የሚሟሟ ማቅለሚያ ላይ ላከር በብሩሽ አትቀቡ። የላከሩ ፈሳሽ ቀለሙን መልሶ ያሟሟዋል፣ ብሩሹም ይጎትተዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ንብርብሮች ስስ አድርጋችሁ በስፕሬይ ስጡ።

"ሰማያዊው አረንጓዴ ሆኗል።" ዘይት ወይም በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ ቀብታችኋል። ቢጫነት አለው፤ ቢጫ ከሰማያዊ ጋር የሚያደርገውን ልጅ ሆነን ተምረነዋል። ለሰማያዊና ለነጭ ጥርት ያለ አክሪሊክ ተጠቀሙ።

"ጠርዙ ፈሷል።" ማቅለሚያ በጅማቱ ቀዳዳ እየተጓዘ ከወረቀት ፕላስተሩ ስር ያልፋል። ፕላስተር ብቻውን አያቆመውም። ሁለቱ ቀለሞች በሚገናኙበት ቦታ በመሮ ጫፍ ቀጭን ቦይ ቁረጡ። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ የሥራውን ቅደም ተከተል መቀየር ነው፦ መጀመሪያ ውጩን ቀቡ፣ አድርቁት፣ ቀጥሎ ከንፈሩንና ውስጡን ላጉ። የፈሰሰውን መሮው ራሱ ይወስደውና ጠርዙ እንደ ምላጭ ይቀራል።

"ነገር በዝቶበታል።" ቅርጻ ቅርጽ፣ ነጠብጣብ፣ የወርቅ መስመር፣ ሦስት ቀለም። የዕቃውን አንድ አንድ ክፍል በወረቀት እየሸፈናችሁ እዩት። የሸፈናችሁት ነገር ካልናፈቃችሁ ቀድሞም አያስፈልግም ነበር።

"ስንት ዓመት ይቆያል?" ይህ ትችት አይመስልም፤ ግን ነው። ብዙ ማቅለሚያዎች በፀሐይ ብርሃን ይለቃሉ። ቀለም የቀባችሁትን ቁራጭ እንጨት ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ለተወሰኑ ወራት ተዉት። ካርቶኑን ስታነሱ መልሱ እዚያ ነው። ለገዢም ያንኑ ቁራጭ ማሳየት ትችላላችሁ።

ሙከራው በዕቃው ላይ አይደለም

ከዚያው እንጨት የተረፈ ቁራጭ ይኑራችሁ። ዕቃውን እስከፈተጋችሁበት ቁጥር ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት። አንድ ጎኑን በጅማቱ አናት፣ አንድ ጎኑን በጅማቱ ርዝመት ቀቡ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቀለም አይሰጡም። ማጠናቀቂያውንም እስከ መጨረሻው ቀቡበት፤ ያለ ላከር የታየ ቀለም ቀለም አይባልም።

አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ይህ ደረጃ ለእናንተ ይበልጥ ያስፈልጋል። የውጭ ባለሙያዎች የሚያወሩት ስለ ሜፕል ነው፤ ሜፕል ደግሞ ነጣ ያለ ነው። ዋንዛ ላይ ያንኑ ሰማያዊ ብትቀቡ ቡናማው ያጨልምባችኋል። ነጣ ያለ የጃካራንዳ ወይም የቡና ግንድ ብታገኙ ደማቅ ቀለም ይቀበላል። ወይራን ግን እባካችሁ አትቀቡት። እዚህ ላይ እኔም "እንጨት አይቀባም" ከሚለው ወገን ነኝ።

ለጥቁር ደግሞ ውድ ማቅለሚያ አያስፈልግም። የድስት ማጠቢያ ብረት ሽቦ አቼቶ ውስጥ ነክራችሁ ጥቂት ቀናት አቆዩ። ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑን አታጥብቁት። አጥልላችሁ ስትቀቡት ታኒን (ሻይም ውስጥ ያለው አፍ የሚያጣብቅ ንጥረ ነገር) ያለው እንጨት ወደ ጥቁር ይለወጣል። ታኒን የሌለውን እንጨት መጀመሪያ በጠንካራ ሻይ ማርጠብና ማድረቅ ይረዳል። ሽቦው የማይዝግ ብረት ከሆነ ግን አይሠራም።

ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ?

በቦታው የሚሰጠው መልስ "አመሰግናለሁ፣ እሞክረዋለሁ" ብቻ ነው። እውነተኛው መልስ ከሙከራው በኋላ ይመጣል፤ እሱም ከሦስት አንዱ ነው።

የተቀበላችሁት ከሆነ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩት። "ጥቁር ያሉት ቦታ የተቦጨቀ ጅማት ነው። መሮውን ስዬ ደግሜ ሠራሁት፤ ፎቶው ይኸው።" እንዲህ ያለ መልስ የሚያገኝ ተቺ ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ዕቃችሁን ሲያይ ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጣችኋል።

ያላመናችሁበት ከሆነ በጨዋነት ተዉት። "የከንፈሩን ሐሳብ ሞክሬው አየሁት፤ ለዚህኛው ግን ወፍራሙን መረጥኩ" ማለት ንቀት አይደለም። ሳይሞክሩ መተው ነው ንቀት። ሦስተኛው ዓይነት የእምነት ጉዳይ ነው፦ "እንጨት ባይቀባ ይሻላል።" ለዚህ ክርክር አትክፈቱ፤ ማንም አሸንፎት አያውቅም። ይልቅ መልሳችሁ ወደ ሥራው ውሰዱት፦ "ይህ ዕቃ ስለ ቀለም ነው። እንደ ቀለም ሥራ ብቻ ቢያዩት የቱ ጎደለው?" ትልቅ ባለሙያ ከሆነ ይመልስላችኋል። ካልመለሰ ስለ ኩርባው ጠይቁትና ተሰናበቱ።

ሁለት ባለሙያዎች ተቃራኒ ነገር ቢሏችሁስ? አንዱ "ከንፈሩ ይወፍር"፣ ሌላው "ይቅጠን" ቢል፣ መፍትሔያቸውን ተዉትና ጣታቸው የተገናኘበትን ቦታ ያዙ። ሁለቱም ከንፈሩ ላይ ቆመዋል። መፍትሔው የራሳችሁ ነው።

ያንኑ ዕቃ ማስተካከል ወይስ አዲስ መሥራት?

ማቅለሚያ ሰርጎ ስለሚገባ በፈሳሽ ጠርጎ ሙሉ በሙሉ ማውጣት አይቻልም። ያለው አማራጭ ዕቃውን ቶርኖ ላይ መልሶ መላግ ነው። ግድግዳው ወፍራም ከሆነ፣ መንጋጋው የሚይዘው መቀመጫም ካልተቆረጠ ይሞከራል። የደረቀ ሳህን ግን ትንሽም ቢሆን ተጣሞ ስለሚሆን ስትመልሱት ይወዛወዛል። ግድግዳው 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ አትንኩት፤ ከእጃችሁ ላይ ይበተናል። ቀለም የተቀባ እንጨት ስትፈትጉ ጭምብል አድርጉ፤ አቧራው እንጨት ብቻ አይደለም።

እኔ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ መሥራትን እመርጣለሁ። ግን አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ኩርባውንም፣ ቀለሙንም፣ ላከሩንም በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንዳሻለው አታውቁትም። ኩርባ ተተችቶ ከሆነ በዚያው ሰማያዊ፣ በዚያው ላከር፣ አዲስ ኩርባ ሥሩ። ሁለቱንም ለዚያው ሰው አጠገብ ለአጠገብ አሳዩት፤ የትኛው አዲስ እንደሆነ ግን አትንገሩት።

ከመቀመጫው ሥር በእርሳስ የእንጨቱን ዓይነት፣ የማቅለሚያውን ስም፣ የንብርብሩን ቅደም ተከተልና ቀኑን ጻፉ። ከላዩ ስስ ላከር ስጡት እንዳይጠፋ። ባለሙያው ሲገለብጠው መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።